ጅማ ላይ በጨለማ ለሚነዱ፦ የትኛው የብስክሌት መብራት፣ የት ላይ ታስሮ?

ጅማ ላይ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ከወር ወር ብዙ አይራራቅም። በታኅሣሥ 12 ሰዓት ከሩብ ግድም፣ በሰኔ ደግሞ ለ1 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ስለዚህ የማታ ትምህርት ያለበት፣ የሆስፒታል ተረኛ፣ ሱቁን አምሽቶ የሚዘጋ፣ ለሱብሂ ወይም ለኪዳን ጎህ ሳይቀድ የሚወጣ፣ በማለዳ ዳቦ የሚያመላልስ ሁሉ በየትኛውም ወር በጨለማ መንዳቱ አይቀርም። መንገዱ ላይ ደግሞ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ አይሱዙው፣ ከገበያ የምትመለሰው አህያና እግረኛው አብረው አሉ።

የጅማ መርካቶ ገብቶ የሳይክል መብራት የጠየቀ ሰው ፊት የሚደረደረው ብዙ ነው፤ ሳንቲም በምታክል ክብ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ብልጭ ድርግም ባይ፣ ሦስት ድንጋይ የሚበላ የፕላስቲክ መብራት፣ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ፣ ጎማ ተደግፎ የሚሽከረከር ዲናሞ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር የራስ ባትሪ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄን ውሰድ፣ አሥር ሺህ ሉመን ነው» ይላል። ካርቶኑም እንደዚያው ይላል፤ ሉመን መብራቱ የሚሰጠው ብርሃን መለኪያ ነው። ገዢው ግን ያ ቁጥር እውነት ይሁን አይሁን፣ እውነት ቢሆንስ ለእሱ መንገድ ያስፈልግ አያስፈልግ የሚያመዛዝንበት ነገር በእጁ የለም። ይህ መመሪያ ለእሱ ነው።

ዋጋ በብር አልጻፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ነገ ያሳስታል። የቱ ከየቱ እንደሚረክስ፣ የቱ ደግሞ ከተገዛ በኋላ ኪስ እንደሚያራቁት ግን እነግራችኋለሁ።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ገንዘባችሁ ለአንድ መብራት ብቻ የሚበቃ ከሆነ የኋላውን ቀይ መብራት ግዙ። ከፊት የሚመጣውን ባጃጅ እናንተም ታዩታላችሁ፤ ጥጋችሁን መያዝ፣ ካስፈለገም መውረድ ትችላላችሁ። ከኋላ ለሚመጣው ግን ከመታየት ሌላ መከላከያ የላችሁም። ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ያደርጋል፤ ያለውን ሁሉ ለፊት መብራት አውጥቶ ኋላውን በፋብሪካው አንጸባራቂ ብቻ ይተወዋል።

ከመግዛት በፊት የሚመዘኑ ነገሮች

የመጀመሪያው ጥያቄ መብራቱ ለመታየት ነው ወይስ ለማየት የሚለው ነው። የመንገድ መብራት በሚበራበት አስፋልት ላይ ጉድጓዱን የሚያሳያችሁ የመንገዱ ብርሃን ነው፤ ከእናንተ የሚፈለገው መታየት ብቻ ስለሆነ ከ50 እስከ 100 ሉመን ይበቃል። ወደ ጅሬን ዳገት፣ ወደ ቦዬ በኩል ወይም ከከተማው መውጫ በሰርቦና በሰቃ አቅጣጫ ለሚሄድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ይጓዛል። ጉድጓዱን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 8 ሜትር አልፏል፤ ጠርዙ በዝናብ የራሰ ጎማ እስኪቆም ደግሞ ሌላ 8 ሜትር ይወስዳል። ስለዚህ ከ15 እስከ 20 ሜትር ፊት ለፊት የማያሳይ መብራት በዚህ ፍጥነት አያድናችሁም። በጨለማ መንገድ ከ300 እስከ 400 እውነተኛ ሉመን ያለው መብራት ለዚህ ይበቃል። ከዚያ በላይ መክፈል ለብዙዎቻችን ትርፍ ነው።

«እውነተኛ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ካርቶን ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ቤት ውስጥ በቀላል ስሌት መፈተሽ ይቻላል። በሚሞላ መብራት ላይ የባትሪው መጠን በሚሊ አምፔር ሰዓት ይጻፋል። ሊቲየም ባትሪ በአማካይ 3.7 ቮልት ነው፤ ደህና ኤልኢዲ ደግሞ ከአንድ ዋት ከ100 ሉመን ጥቂት ከፍ ያለ ብርሃን ይሰጣል። ሁለቱን አጣምራችሁ የባትሪውን ቁጥር በ0.4 ብታባዙት መብራቱ በአንድ ሙሌት በጠቅላላው ሊሰጥ የሚችለውን ብርሃን ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት በ0.4 ሲባዛ 800 ይሆናል። ይህ ማለት 400 ሉመን ለሁለት ሰዓት ወይም 200 ሉመን ለአራት ሰዓት ነው። ካርቶኑ በዚሁ ባትሪ «1,000 ሉመን፣ 10 ሰዓት» የሚል ከሆነ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ወይ ሉመኑ የለም፣ ወይ አሥሩ ሰዓት የሚቆጠረው በደብዛዛው ደረጃ ነው።

ሌላው በገበያ የሚያሳስተው 18650 የሚባለው ተነቃይ ሊቲየም ባትሪ ነው። ስሙ ልኩ ነው፤ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ መጠን የሚሠሩት ደህናዎቹ እስከ 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛሉ። ስለዚህ ላዩ ላይ 9,900 የተጻፈበትን ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም። ሚዛን ካለም መዝኑት፤ እውነተኛው 45 ግራም ግድም ይከብዳል፤ ከዚያ በጣም የቀለለው ውስጡ ያለው ነገር ጥቂት ነው።

ኃይሉን ስታስቡ የሠፈራችሁን የመብራት መጥፋት አትርሱት። ሌሊት ቻርጅ አደርገዋለሁ ብሎ የተኛ ሰው ጠዋት ባዶ መብራት ይዞ ይወጣል። ለዚህ ሁለት መላ አለ። አንዱ ለሁለት ምሽት የሚበቃ መብራት ገዝቶ ግማሽ ሲደርስ መሙላት ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ መጠበቅ አይፈልግም፣ እንዲያውም ይጎዳዋል። ሁለተኛው ባትሪው ተነቃይ የሆነውን መርጦ ትርፍ መያዝ ነው።

ዝናቡን በተመለከተ ጅማ ከብዙ ከተሞች ትለያለች። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚበረታው ዝናብ ገና በመጋቢት ይጀምራል። መብራቱ ላይ ውኃ የመቋቋም ደረጃውን ከሚያሳየው «አይፒኤክስ» (IPX) ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ፤ 4 ከሆነ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውኃ ይችላል፣ 7 ከሆነ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ቢቆይ አይገባበትም። ለጅማ ከ4 በታች ያለውን፣ ወይም ምንም ያልተጻፈበትን፣ የፌስታል ሽፋን ካላዘጋጃችሁለት አትግዙ።

ብርሃኑ የሚይዘው ቅርጽም ከሉመኑ እኩል ይታይ። አንዳንዱ መብራት እንደ እጅ ባትሪ ክብ ብርሃን ይረጫል፤ ግማሹ መሬት ላይ ሲያርፍ ግማሹ ወደ ሰማይና ወደ ሰው ዓይን ይሄዳል። ሌላው እንደ መኪና አጭር መብራት ላይኛው ጫፉ ቁርጥ ያለ ነው፤ ብርሃኑን ሁሉ መንገድ ላይ ያነጥፈዋል። ባለ ቁርጡ 200 ሉመን ከባለ ክቡ 400 የተሻለ መንገድ ሊያሳይ ይችላል፣ ከፊት የሚመጣውንም አያውርም። ሱቅ ውስጥ ግድግዳ ላይ አብርታችሁ ልዩነቱን በአንድ አፍታ ታያላችሁ። ማብራት የማይፈቅድላችሁን ሻጭ እለፉት።

መንቀጥቀጥና ሌባ ቀሩ። ኮብልስቶን ላይ የሚነዳ ሰው መብራቱ ከማሰሪያው እንደማይነቀል በእጁ ጎትቶ ማረጋገጥ አለበት። ብስክሌቱን ውጭ የሚያቆም ደግሞ በአንድ እጅ ተነቅሎ ኪስ የሚገባውን ይምረጥ፤ ያለዚያ ሌላ ሰው ነቅሎ ኪሱ ያስገባዋል።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ስልክና የእጅ ባትሪ።* የስልክ መብራት በእጅ ይዞ መንዳት ለፍሬን አንድ እጅ ብቻ ያስቀራል፤ ስልኩም በዝናብ ይሞታል። ለአንድ ምሽት ችግር ካልሆነ በቀር አማራጭ አልለውም። የእጅ ባትሪ መሪ ላይ ማሰር ግን ይቻላል፤ ማሰሪያው ጥሩ ከሆነና ብርሃኑ ወደ መሬት ካዘነበለ ብዙ ሰው ሲጠቀምበት ይታያል። ጉድለቱ ክብ ብርሃኑ ነው።

*በድንጋይ የሚሠራ መብራት።* ሲገዛ ርካሽ ነው፣ መብራት ቢጠፋም ከየትኛውም ኪዮስክ ድንጋይ ይገኝለታል። ችግሩ ቆይቶ ይመጣል። ርካሹ ድንጋይ ቶሎ ይደክማል፤ ሲደክም ደግሞ ድንገት ከመጥፋት ይልቅ ቀስ በቀስ ስለሚደበዝዝ ባለቤቱ ሳያውቀው ለሳምንት የማይታይ መብራት ይዞ ይነዳል። ውስጡ ሲቆይም ፈስሶ መነካኪያዎቹን ይበላል። በየምሽቱ ለሚነዳ ሰው ጥቂት ወር ውስጥ የድንጋዩ ወጪ ከመብራቱ ዋጋ ይበልጣል። ለኋላ ትንሽ ቀይ መብራት ግን ተስማሚ ነው፤ ቀይዋ የምትበላው ጥቂት ስለሆነ ሁለት ደህና ድንጋይ ብዙ ምሽት ይቆይላታል። በሳንቲም መሳዩ ክብ ድንጋይ የምትሠራዋን ግን ለመጠባበቂያ ብቻ ያዟት፤ የያዘችው ኃይል በጣም ትንሽ ነው።

*በዩኤስቢ የሚሞላ።* ዛሬ ለአብዛኛው የከተማ ነጂ የምመርጠው ይህን ነው። የስልክ ቻርጀር ስለሚሠራለት ተጨማሪ ዕቃ አይጠይቅም፤ መሥሪያ ቤት ውስጥም ይሞላል። ደካማ ጎኑ የቻርጅ ቀዳዳው ነው። የጎማ ክዳኗ ከላላች ውኃ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ መብራቱ ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ ከሉመኑ በፊት ክዳኗን እዩ፤ ጥብቅ ብላ ካልተከደነች ሌላ ምረጡ። ርጥብ ሆኖም ቻርጅ ላይ አታድርጉት። ባትሪው ውስጡ የተበየደ በመሆኑ ከዓመታት በኋላ ሲደክም መለወጥ የሚችለው እጁ የተፍታታ ሞባይል ጠጋኝ ነው።

*ተነቃይ 18650 ያለው።* ረጅም ጨለማ መንገድ ላለው ይህ ይሻላል። ትርፍ ባትሪ በኪስ ይያዛል፣ ሲያረጅም ባትሪው ብቻ ይለወጣል። ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ቆዳው የተላጠ፣ ያበጠ ወይም የተሰረጎደ ባትሪ መጠቀም እሳት መጥራት ነው። ትርፉንም ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አታድርጉት።

*የጎማ ዲናሞ።* በአሮጌ ፎኒክስ ብስክሌት ላይ የምናውቀው፣ ብዙ ጊዜ 6 ቮልት 3 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። 2.4 ዋቱ ለፊት፣ 0.6 ዋቱ ለኋላ ይከፈላል። ቻርጅ አይልም፣ ድንጋይ አይልም፣ ብስክሌቱ ላይ የታሰረ ስለሆነ ቤት አይረሳም፤ መብራት በሳምንት ስንቴ በሚጠፋበት ሠፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሦስት ጉድለት ግን አለው። ስትቆሙ ይጠፋል፤ ይህም መስቀለኛ ላይ ለመታጠፍ መሐል መንገድ በቆማችሁበት፣ እጅግ መታየት በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ነው። እግር ላይ ይከብዳል። በዝናብ ደግሞ የራሰና ጭቃ የለበሰ ጎማ ላይ ይንሸራተታል፤ የጅማ ቀይ ጭቃ ለዚህ የታወቀ ነው። አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ፤ የኋላው አምፖል ሲቃጠል ኃይሉ ሁሉ ወደ ፊተኛው ስለሚሄድ በቁልቁለት የፊቱም ይቃጠላል። የኋላውን ቶሎ መተካት የፊቱን ማትረፍ ነው። በጥንቱ አምፖል ፋንታ ለዲናሞ ተብሎ የተሠራ ኤልኢዲ ከተገኘ ብርሃኑ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ተራ ኤልኢዲ በቀጥታ ማገናኘት ግን አይሠራም፤ የዲናሞው ኤሌክትሪክ ተለዋዋጭ ስለሆነ መሐል ላይ ወደ ቀጥታ የሚለውጠው፣ በአራት ዳዮድ የሚሠራ ማቃኛ ይፈልጋል። ይህን የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ በቀላሉ ይሠራዋል።

*የፊት ጎማው መሐል ውስጥ የተሠራ ዲናሞ።* ከሁሉም ይበልጣል፤ አይንሸራተትም፣ አይከብድም፣ ዝናብ አይለይም። ነገር ግን ከሁሉ ውድ ነው፣ ጎማውንም ከነሽቦው እንደገና ማሠራት ይጠይቃል። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ አስቡበት፤ ያለዚያ እለፉት።

*የራስ ባትሪ።* ጭንቅላት በዞረበት ይበራል፤ ለመታጠፊያ፣ ለቅያስ መንገድ፣ በመሐል ጎማ ቢተነፍስ ለመጠገንም ይመቻል። ለብቻው ግን አይበቃም። ከፍ ብሎ ስለሚበራ የጉድጓዱ ጥላ ከእናንተ ዓይን ይሰወራል፤ ጉድጓድ የሚታየው በጥላው ነውና ዝቅ ካለ መብራት የሚገኘው ጥቅም ይቀራል። የሰው ፊት ባያችሁ ቁጥርም ዓይኑን ታውሩታላችሁ። መሪ ላይ ካለ መብራት ጋር ሲጣመር መልካም ነው።

*አንጸባራቂዎች።* ርካሽ ናቸው፣ ኃይል አይፈልጉም፣ ሁሉም ሰው ሊኖረው ይገባል። አንጸባራቂ የመጣለትን ብርሃን ወደ መጣበት ይመልሳል። ከዚህም ጉልበቱም ድካሙም ይመነጫል፤ የፊት መብራቱ የሞተ ባጃጅ ከኋላ ሲመጣ አንጸባራቂው የሚመልሰው ነገር የለም። ለዚህ ነው ቀይ መብራትን የማይተካው። ከሁሉም አንጸባራቂ ብልጫ ያለው ፔዳል ላይ ያለው ነው፤ ወደላይ ወደታች ስለሚል ሾፌሩ ከሩቅ ሆኖ ይህ ሰው በብስክሌት ነው ብሎ ይለየዋል። የጭነት መኪና ላይ የሚለጠፈው ቀይና ነጭ አንጸባራቂ ቴፕ ካገኛችሁ ቀዩን ከኋላ ፓራፋንጎ ላይ፣ ነጩን ከፊት ለጥፉ። አንጸባራቂ ሰደርያን በተመለከተ ደግሞ ደማቁ ቢጫ ጨርቅ የሚያበራው በቀን ብርሃን ነው፤ ሌሊት የሚሠራው የብር መስመሩ ብቻ ስለሆነ መስመሩ ሰፊ የሆነውን ምረጡ።

| አማራጭ | ለምን ይበጃል | በዝናብ | ኃይል ሲጠፋ | መግዣ | ከተገዛ በኋላ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የእጅ ባትሪ መሪ ላይ | ለአጭር መንገድ | እንደ ዓይነቱ | እንደ ዓይነቱ | ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| ባለ ድንጋይ፣ የፊት | ለመታየት | ደካማ | ይሠራል | ዝቅተኛ | ከፍተኛ |
| ባለ ድንጋይ፣ የኋላ ቀይ | ለመታየት | መካከለኛ | ይሠራል | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |
| በዩኤስቢ የሚሞላ | ለማየትም ለመታየትም | ክዳኑ ጥብቅ ከሆነ ጥሩ | ቀድሞ ካልተሞላ ያስቸግራል | መካከለኛ | ከሞላ ጎደል የለም |
| ተነቃይ 18650 | ለረጅም ጨለማ መንገድ | ጥሩ | በትርፍ ባትሪ ይሠራል | ከመካከለኛ በላይ | ዝቅተኛ |
| የጎማ ዲናሞ | ለዕለት ተዕለት፣ ለአሮጌ ብስክሌት | ይንሸራተታል | አይነካውም | መካከለኛ | አምፖል ብቻ |
| የጎማ መሐል ዲናሞ | ለሁሉም | በጣም ጥሩ | አይነካውም | በጣም ከፍተኛ | የለም |
| የራስ ባትሪ | ለተጨማሪ | እንደ ዓይነቱ | እንደ ዓይነቱ | ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| አንጸባራቂ | ለሁሉም፣ ከቀይ መብራት ጋር | ጭቃው ከተጠረገ ጥሩ | አይነካውም | በጣም ዝቅተኛ | የለም |

አሰቃቀል

ብዙ ጥሩ መብራት በመጥፎ አሰቃቀል ከንቱ ይሆናል፤ ተራ መብራት ደግሞ በቦታው ከታሰረ ሥራውን ይሠራል። እዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋት ብር አያስወጣም።

የፊቱን ስታስሩ ማዘንበሉ ላይ አተኩሩ። ማታ ብስክሌቱን ከአንድ ግድግዳ 5 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ቀጥ አድርጉት። የመብራቱን ከፍታ ከመሬት ለኩና ግድግዳው ላይ በዚያው ከፍታ በጠመኔ መስመር አስምሩ፤ ግማሹ ላይ ደግሞ ሌላ መስመር። የብርሃኑ ድምቀት መሐሉ ታችኛው መስመር ላይ ማረፍ አለበት። መብራቱ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ግድግዳው ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል ማለት ነው፤ እንዲህ ሲሆን መንገድ ላይ 10 ሜትር ፊት ለፊት መሐሉን ይጥላል፣ የላይኛው ክፍሉ ደግሞ ከዚያ ርቆ ያሳያል። ከላይኛው መስመር በላይ ደማቅ ብርሃን ካለ የሰው ዓይን እየወጋችሁ ነው። ዓይኑ የታወረ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ ወዴት እንደሚያጥፍ አይታወቅም።

ማሰሪያው ስንት ሚሊ ሜትር ብረት እንደሚይዝ እዩ። ማውንቴን ብስክሌቶች ብዙዎቹ መሪያቸው መሐሉ ላይ 31.8 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ ወደ እጀታው ደግሞ 22.2 ይሆናል፤ የቀድሞዎቹ 25.4 ናቸው። ማሰሪያው ከሰፋ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ቆርጣችሁ ብረቱን አልብሱትና ከላዩ አጥብቁት። የጎማ ቁራጩ ከመንሸራተት ያግዳል፣ የኮብልስቶኑንም ንዝረት ያለዝባል። ልኩ ቢገጥም እንኳ ይህን አድርጉ። በብሎን የሚጠብቀው ማሰሪያ ለሻካራ መንገድ ይሻላል፤ በላስቲክ የሚለጠጠው ለመንቀልና ለመትከል ይመቻል፣ ነገር ግን ላስቲኩ በፀሐይ ይሰነጣጠቃልና በየወሩ ይታይ።

ፊት ለፊት ቅርጫት ወይም የተንጠለጠለ ፌስታል ካለ መሪ ላይ ያለው መብራት ዕቃውን እንጂ መንገዱን አያበራም። ያን ጊዜ ቅርጫቱ አፍንጫ ላይ ወይም ከፊት ጎማው በላይ፣ ፓራፋንጎው የሚታሰርበት ብሎን ላይ አውርዱት።

ዲናሞ ሲታሰር የጭንቅላቱ መዘውር ማዕከላዊ መስመር ወደ ጎማው መሐል ወደ አክሱ መጠቆም አለበት። ከተጣመመ ጎማ ይበላል፣ ድምፅ ያበዛል፣ ቶሎም ይንሸራተታል። ብዙዎቹ አንድ ሽቦ ብቻ አላቸው፤ መልሱን የሚወስደው የብስክሌቱ ብረት ራሱ ነው። ስለዚህ ማሰሪያው ብረቱን በሚነካበት ቦታ ቀለሙ መፋቅ አለበት፤ «አይበራም» ተብሎ የሚጣል ዲናሞ ብዙ ጊዜ በሽታው ይኸው ነው። የፋቃችሁትን ቦታ ዝገት እንዳይበላው ግሪስ ቀቡት። የሽቦውን መገናኛም በናስትሮ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት።

የኋላው ቀይ መብራት ስፍራው ከኮርቻው በታች ያለው ብረት ወይም የእቃ መጫኛው መጨረሻ ነው። በእንግሊዝ ሕግ የኋላ መብራት ከመሬት ከ35 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ50 መሐል እንዲሆን ይጠየቃል፤ ለእኛም መልካም መነሻ ነው። አቅጣጫው በቀጥታ ወደ ኋላ፣ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ይሁን። ወደ መሬት ወይም ወደ ሰማይ ያዘነበለ ቀይ መብራት በቅርብ ለቆመ ሰው ደማቅ ሆኖ ሳለ ከ50 ሜትር የሚመጣው ሾፌር ላያየው ይችላል። ከዚያ ራሳችሁ ተቀምጣችሁ ሌላ ሰው ከኋላ ራቅ ብሎ እንዲያይላችሁ አድርጉ። ጋቢ፣ ረጅም ካፖርት፣ የዝናብ ልብስ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ወይም ጆንያ ከኮርቻ በታች ያለውን መብራት ሙሉ በሙሉ ይከድነዋል፤ ነጂው ግን ወደ ኋላ ስለማያይ አያውቀውም።

ቀለሙን አትቀላቅሉ። ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም ለብስክሌት የደነገገው ይህንኑ ነው፣ ከፊት ፈዛዛ ቢጫም ይፈቅዳል። ቀይ ብልጭታ ከፊት የሰቀለ ሰው ከፊቱ የሚመጣውን ሾፌር ያሳስተዋል፤ በአንድ አቅጣጫ እየሄዱ ይመስለዋል።

ብልጭ ድርግም ይሁን ወይስ ቋሚ? ከፊት በጨለማ ቋሚ ይሁን፤ ብልጭታ የራሳችሁን ዓይን ያደክማል፣ መንገዱንም ይቆራርጣል። ከኋላ ብልጭታ ዓይን ይስባል፣ ነገር ግን ሾፌሩ ርቀታችሁን ለመገመት ይቸገራል። ሁለት ቀይ መብራት ካለ አንዱን ቋሚ፣ አንዱን ብልጭታ አድርጉ። አንድ ብቻ ከሆነ ቋሚ አድርጉትና አንጸባራቂ ጨምሩበት። ጀርመን ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚል የፊትም ሆነ የኋላ የብስክሌት መብራት አይፈቀድም።

እንደ መንገዱና እንደ ኪሱ

እጅ በጣም ካጠረ፦ ባለ ሁለት ድንጋይ የኋላ ቀይ መብራት፣ የፔዳልና የኋላ አንጸባራቂ፣ ቤት ያለው የእጅ ባትሪ መሪ ላይ በጎማ ቁራጭ ታስሮ። ፍጥነታችሁን ግን ብርሃኑ በሚያሳያችሁ ልክ አድርጉ።

መንገዱ በአብዛኛው መብራት ያለበት፣ እንደ ኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ ከካምፓስ እስከ ተከራየበት ቤት ብቻ የሚሄድ፦ በዩኤስቢ የሚሞሉ ፊትና ኋላ አንድ ጥንድ፣ ፊቱ 100 እስከ 200 ሉመን። ሁለቱም የሚነቀሉ ይሁኑ፤ ብስክሌቱ ሲቆም ወደ ክፍል ይዟቸው ይግባ።

ከሆስፒታል ተረኝነት እኩለ ሌሊት የሚወጣ ወይም ንጋት ሳይሆን የሚገባ፦ 300 ሉመን ግድም፣ ቢቻል ላይኛው ጫፉ ቁርጥ ያለ፣ ለሁለት ምሽት የሚበቃ። ከኋላ ሁለት ቀይ። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ያለው መኪና ጥቂት ቢሆንም ፈጣን ነው፣ ውሻም ይበዛልና የራስ ባትሪ ጨምሩበት።

በሰርቦ፣ በሰቃ ወይም በአጋሮ አቅጣጫ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር፦ 400 ሉመን፣ ተነቃይ 18650 ከትርፍ ጋር፣ ሁለት ቀይ መብራት፣ በፓራፋንጎው ላይ አንጸባራቂ ቴፕና ሰደርያ። ከኋላ የሚመጣው የቡና ጭነት የያዘ አይሱዙ ነው፤ ለመቆምም ለመዞርም ርቀት ስለሚፈልግ ቀድሞ ሊያያችሁ ይገባል። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ደህና አሮጌ ፎኒክስ ከነዲናሞው ያለው፦ ዲናሞውን አትጣሉ። ለዲናሞ የተሠራ ኤልኢዲ አስገጥሙበት፣ ሲቆም ለሚጠፋበት ደግሞ ትንሽ ባለ ድንጋይ ቀይ መብራት ከኋላ ጨምሩ። በከባድ ዝናብ መዘውሩን በጨርቅ ጠርጉት።

ዳቦ፣ ጀሪካን ወይም ጆንያ የሚጭን፦ የኋላውን መብራት ከኮርቻ በታች ፈጽሞ አትስቀሉ። የእቃ መጫኛው መጨረሻ ላይ በብሎን ይታሰር፤ ጭነቱ ከመጫኛው አልፎ የሚወጣ ከሆነም ተነቃይ ሁለተኛ ቀይ መብራት ያዙና በየጊዜው ጭነቱ ላይ ራሱ ላይ ቆልፉት። ገመዱ ከተጠበቀ በኋላ፣ ከመነሳታችሁ በፊት፣ ከኋላ ዞራችሁ ሁለቱም መታየታቸውን እዩ።